ለቮልስዎ የቤንዚን ፖምፓ ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ቮልስዎ ዳገት ላይ ጉልበት አንሷት ጠፋች እንበል። ገፍተው ዳር ያስይዟታል፣ መካኒክ ይጠራል፣ የኋላ ኮፈን ይከፈታል፤ ፍርዱም ወዲያው ይሰማል። «ፖምፓው ነው፣ ይቀየር።» ከዚያ አንድ ልጅ ወደ ሶማሌ ተራ ይላካል፣ አዲስ ሳጥን ይዞ ይመለሳል፣ ይገጠማል። መኪናዋ በሳምንቱ እዚያው ዳገት ላይ ትቆማለች።

የቤንዚን ፖምፓ መልኩ ተመሳሳይ፣ ልኩ ግን የተለያየ ዕቃ ነው። ሻጩ ያለውን ይሸጣል፣ መካኒኩ የመጣለትን ይገጥማል፤ ልዩነቱን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። በዚህ ዕቃ ላይ ስህተት ከገንዘብ በላይ ያስከፍላል፤ ዘይት በቤንዚን ሊቀጥን፣ ሞተር ሊበላ፣ መኪና ሊቃጠል ይችላል። ስለዚህ ብር ከመቁጠርዎ በፊት ከዚህ በታች ያሉትን ነጥቦች አንድ በአንድ ይለፉባቸው።

ፖምፓው እንዴት ነው የሚሠራው?

የቮልስ የቤንዚን ታንክ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ ነው። ቤንዚኑ በመኪናዋ ወለል መሐል ለመሐል አልፎ ካርቡሬተር እስኪደርስ ድረስ የሚስበው ፖምፓው ነው። ፖምፓው ኤሌክትሪክ አይፈልግም። ዲስትሪቢዩተሩን የሚያዞረው ዘንግ ላይ ያለ ጉብታ አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ወደ ላይ ይገፋል፤ የብረት ዘንጉ የፖምፓውን እጀታ ይገፋል፤ እጀታው ዲያፍራም የሚባለውን ስስ የጎማ ሽፋን ይስባል። ሞላው ሽፋኑን ሲመልሰው ቤንዚኑ ወደ ካርቡሬተር ይሄዳል። የብረት ዘንጉ በአንድ ምት የሚጓዘው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በ5 ሚሊ ሜትር በሚሠራ ዕቃ ላይ የ1 ሚሊ ሜትር ስህተት ብዙ ነው። ከዚህ በታች ያለው ምክር አብዛኛው ከዚህ እውነት የሚመነጭ ነው።

አንደኛ፦ ጥፋተኛው በእርግጥ ፖምፓው ነው?

• ታንኩ ውስጥ ቤንዚን አለ? ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ ግን የአሮጌ መኪና ጌጅ ይዋሻል። እ.ኤ.አ. እስከ 1961 አጋማሽ የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች ደግሞ የነዳጅ ጌጅ የላቸውም፤ በሾፌሩ እግር አካባቢ የመጠባበቂያ ነዳጅ መክፈቻ ነው ያላቸው።
ይጠንቀቁ፦ መክፈቻው ሳይታወቅ በእግር ተነክቶ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ዱላ ታንኩ ውስጥ ከትቶ ማየት ምንም አያስከፍልም።

• ቤንዚኑ ካርቡሬተር ይደርሳል? ሞተሩ በርዶ እያለ ካርቡሬተሩ ላይ ያለውን ቱቦ ያስነቅሉና ጫፉን ጠርሙስ ውስጥ ያስገቡ። እሳት እንዳይፈጥር የኮይሉ ሽቦ ይነቀል፤ ከዚያ ሞተሩ በሞተሪኖ ይዙር። ጤነኛ ፖምፓ በየምቱ እኩል እኩል ይተፋል።
ይጠንቀቁ፦ ሲጋራ የሚያጨስ ሰው አጠገብ አይኑር፤ የእሳት ማጥፊያም እጅዎ ላይ ይሁን። ይህን ሙከራ ሳያደርግ «ፖምፓው ነው» የሚል መካኒክ እየገመተ ነው።

• ችግሩ ከፖምፓው በፊት ይሆን? ከታንኩ እስከ ፖምፓው ባለው መንገድ ላይ የተሰነጠቀ ጎማ ካለ ቤንዚን ሳያፈስም አየር ሊስብ ይችላል። ስለዚህ በዓይን ላይታይ ይችላል። መለያው ቀላል ነው፤ የፖምፓውን መሳቢያ በአጭር ቱቦ በቀጥታ ንጹሕ ቤንዚን ካለበት ጄሪካን ጋር ያገናኙት። እንዲህ ሆኖ በደንብ ከሳበ ፖምፓው ነጻ ነው፤ ጥፋቱ መስመሩ ወይም ታንኩ ላይ ነው።
ይጠንቀቁ፦ ብዙ ጤነኛ ፖምፓ የሚጣለው እዚህ ላይ ነው። የአንድ ክንድ ጎማ ሲበቃዎ ሙሉ ፖምፓ ይሸጥልዎታል።

• ፊልትሮው እና ታንኩ ንጹሕ ናቸው? ለረጅም ጊዜ የቆመች መኪና ታንክ ዝገት ያበቅላል። ዝገቱ የታንኩን ወንፊት ይደፍናል፤ ያለፈውም የፖምፓውን ቫልቮች እንዳይገጥሙ ያደርጋል።
ይጠንቀቁ፦ ታንኩ ሳይታጠብ የተገጠመ አዲስ ፖምፓ የአሮጌው ዕጣ ይደርሰዋል። ሻጩ ስለ ታንክዎ አይጠይቅዎትም።

• ወይስ ሙቀት ነው? አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ቤንዚን በቀላሉ ይተናል፤ ፖምፓ ደግሞ እንፋሎትን እንደ ፈሳሽ መግፋት አይችልም። መኪናዋ ሙቀት ሲበዛ ቆማ፣ ግማሽ ሰዓት አርፋ በራሷ የምትነሳ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው።
ይጠንቀቁ፦ መድኃኒቱ አዲስ ፖምፓ አይደለም። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የላሜራ ሽፋኖች እና የኮፈኑ ውስጥ ጎማ መኖራቸውን ይዩ። እነሱ ከሌሉ ከሥር የሚወጣው ትኩስ አየር ተመልሶ ይገባል፤ ሞተሩም ሆነ ፖምፓው ይጋላል።

• ዘይቱን አሽትተዋል? የዘይት መለኪያውን መዘው ያሽቱት። የቤንዚን ሽታ ካለው፣ ወይም ሳይጨመር ከፍ ብሎ ከተገኘ፣ ዲያፍራሙ ተቀዶ ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሆድ እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል። ያኔ ፖምፓው በእርግጥ ተጠርጣሪ ነው።
ይጠንቀቁ፦ የቮልስ ሞተር የሚይዘው 2.5 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። ትንሽ ቤንዚን ቶሎ ያቀጥነዋል። ዘይቱ ሳይቀየር «እስከ ጋራዥ ልንዳት» አይበሉ።

ሁለተኛ፦ ልኩን ሳያውቁ ወደ ሱቅ አይሂዱ

• ሊብሬው ላይ ያለው ሞተር ነው ያለው? ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የተነዳች መኪና ሞተሯ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል። ከዲናሞው ማቆሚያ ስር ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ያንብቡ። በ«ዲ» የሚጀምረው ባለ 1200፣ በ«ኤፍ» ባለ 1300፣ በ«ኤች» ባለ 1500፣ በ«ኤዲ» ደግሞ ባለ 1600 ሞተር ነው።
ይጠንቀቁ፦ «የ67 ሞዴል ናት» ብለው በዓመተ ምሕረት ብቻ ካዘዙ ለመኪናዋ ቆርቆሮ የሚሆን እንጂ ለሞተሯ የሚሆን ላያገኙ ይችላሉ። ሞተሩ እ.ኤ.አ. ከ1960 በፊት የተሠራ ከሆነ ደግሞ የኋለኞቹ ዕቃዎች ይገጥማሉ ብለው ጨርሶ አይገምቱ።

• ዲናሞ ነው ወይስ አልተርኔተር? ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። ዲናሞ ባላቸው ሞተሮች ላይ ያለው ፖምፓ ቀጥ ያለ ሲሆን የሚገፋው የብረት ዘንግ 108 ሚሊ ሜትር ነው። አልተርኔተር ሲመጣ ቦታ ስለጠበበ ፖምፓው ጋደል እንዲል ተደርጓል፤ የእሱ ዘንግ 100 ሚሊ ሜትር ነው።
ይጠንቀቁ፦ ሁለቱም ፖምፓዎች በሁለቱም ሞተሮች ላይ ሊቀመጡ፣ ዳዶውም ሊጠብቅ ይችላል። «ገጠመ» ማለት «ትክክል ነው» ማለት አይደለም። ረጅሙ ዘንግ ለአጭሩ ዘንግ ከተሠራው ፖምፓ ጋር ከተገናኘ እጀታውን ይሰብራል ወይም ዲያፍራሙን ይቀድዳል፤ አጭሩ ዘንግ ለረጅሙ ከተሠራው ጋር ከሆነ ፖምፓው በቂ ቤንዚን አይስብም።

• ዘንጉን ለክተዋል? አሮጌው ዘንግ ይውጣና በካሊፐር ይለካ። ጫፉ የተበላ ወይም የተጣመመ ከሆነ አዲስ ፖምፓ ብቻውን አያድንዎትም።
ይጠንቀቁ፦ ዘንጉ ብዙ ጊዜ ለብቻው የሚሸጥ ዕቃ ነው። «ፖምፓ ከነሙሉ ዕቃው» ሲባሉ ዘንጉ መኖሩን ሳጥኑን ከፍተው ይዩ።

• የፕላስቲክ ማረፊያው ደህና ነው? በሞተሩ እና በፖምፓው መካከል ዘንጉን አቅፎ የሚይዝ የፕላስቲክ ማረፊያ አለ። ሙቀት ለብዙ ዓመት የበላው ስለሆነ ሲነቀል ሊሰነጠቅ ይችላል።
ይጠንቀቁ፦ ፖምፓው ከመነቀሉ በፊት ምትኩን ይግዙ። ካልሆነ መኪናዋ ተፈትታ እያለች የተጠየቁትን ሁሉ ለመክፈል ይገደዳሉ።

• ዕቃው ለካርቡሬተር የተሠራ ነው? በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1975 ሞዴል ጀምሮ፣ በሜክሲኮም ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ የተሠሩ ቮልሶች ቤንዚን በኢንጀክሽን ነው የሚረጩት፤ ፖምፓቸውም ኤሌክትሪክ ነው።
ይጠንቀቁ፦ «የቮልስ ኦሪጅናል» የሚለው ቃል እውነት ሆኖ ዕቃው ለእርስዎ መኪና ላይሆን ይችላል።

ሦስተኛ፦ አዲስ፣ ያገለገለ ወይስ የሚጠገን?

• የእርስዎ ፖምፓ ይፈታል? ክዳኑ ዙሪያውን በብሎን የታሰረ ከሆነ ሊፈታና ሊጠገን የሚችል ነው። ጠርዙ ተጣጥፎ የታተመ ከሆነ ሲበላሽ ይጣላል።
ይጠንቀቁ፦ የሚፈታው የድሮ ፖምፓ ዋጋ አለው። «አሮጌውን እኔ እጥልልዎታለሁ» የሚል ሰው ላይጥለው ይችላል፤ ዲያፍራም ቀይሮ ለሌላ ሊሸጠው ይችላል። አሮጌዎን ሁልጊዜ ይዘው ይሂዱ።

• የጥገና ዕቃው ሙሉ ነው? ዲያፍራም፣ ቫልቭ፣ ሞላ እና ጓርኒሲዮን በአንድ ከረጢት መኖራቸውን ያረጋግጡ። አካሉ ያልተሰነጠቀ፣ እጀታው ያልተበላ የድሮ ፖምፓ ጥሩ ዲያፍራም ካገኘ ከብዙ አዲስ ቅጂ የተሻለ ያገለግላል።
ይጠንቀቁ፦ ሞላውን በሌላ ሞላ እንዲተኩልዎ አይፍቀዱ። ግፊቱን የሚወስነው እሱ ነው።

• ጎማው የትኛው ዘመን ነው? «የድሮ ጀርመን፣ ሳይከፈት የቆየ» ሲባሉ ልብዎ አይቀልጥ። ጎማ ሳጥን ውስጥም ያረጃል፣ ይደርቃል። ሌላም ጉዳይ አለ፤ በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2008 ቤንዚን ውስጥ 5 በመቶ፣ በ2011 ደግሞ 10 በመቶ ኤታኖል መደባለቅ ተጀምሮ ነበር። የጥንት ዲያፍራም ለኤታኖል ታስቦ አልተሠራም፤ ሊያብጥ ወይም ሊደርቅ ይችላል።
ይጠንቀቁ፦ «ኤታኖል ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ ጥያቄውን ካልተረዳው መልሱን ከማሸጊያው ላይ ራስዎ ይፈልጉ።

• ያገለገለውን እዚያው ባንኮኒው ላይ ፈትነዋል? እጀታውን ተጭነው ይልቀቁ፤ በመሳቢያው ቀዳዳ ላይ ጣትዎን ያድርጉ። መሳቡን ጣትዎ ሊሰማው ይገባል። በመግፊያው በኩል ደግሞ ጣትዎን ሲገፋው ሊሰማዎ ይገባል፤ ግፊቱም ወዲያው መጥፋት የለበትም።
ይጠንቀቁ፦ ታጥቦ ያበራ አካል የውስጡን አይነግርም። የደረቀ ዲያፍራም መጀመሪያ ይስባል፤ ሲሞቅ ነው የሚከዳው።

• አዲሱ ቅጂ ግፊቱ ስንት ነው? የቮልስ ካርቡሬተር የሚፈልገው ግፊት በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.25 ባር አካባቢ ነው። ከዚህ በጣም የሚበልጥ ከሆነ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው መርፌ መዝጋት ያቅተዋል፤ ቤንዚን ይጥለቀለቃል፣ ካንዴላ ይጠቁራል፣ ሲሊንደር ያጥባል፣ አልፎም ትኩስ ሞተር ላይ ይንጠባጠባል።
ይጠንቀቁ፦ «ይኸኛው ኃይለኛ ነው፣ በደንብ ይገፋል» የሚለው ማሞገሻ ለዚህ ዕቃ ነቀፋ ነው። የሚፈለገው ልከኛ ግፊት ነው።

አራተኛ፦ ሻጩ ፊት ሲቆሙ

• አሮጌውን ይዘው ሄደዋል? ፖምፓውን፣ ዘንጉን እና ማረፊያውን በፌስታል ይዘው ይሂዱና ከአዲሱ ጎን ያስቀምጧቸው። የእጀታው ቁመት፣ የቱቦው አቅጣጫ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹ ርቀት ይመሳሰሉ።
ይጠንቀቁ፦ በስልክ ፎቶ ብቻ የሚገዛ ሰው ቁመት አይለካም።

• በሳጥኑ ላይ ያለው ስም በዕቃውም ላይ አለ? የጀርመን ወይም የብራዚል ስም የታተመበት ካርቶን ማሳተም ቀላል ነው። አካሉ ላይ የተመታውን ምልክትና ቁጥር ይፈልጉ።
ይጠንቀቁ፦ ምልክቱ ከተፋቀ ወይም ከሳጥኑ ጋር ካልተመሳሰለ የኦሪጅናል ዋጋ አይክፈሉ።

• «ከዚህ በኋላ አይገኝም» አሉዎት? እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ ይህ አባባል ጉልበት አግኝቷል። ግን የተከለከለው መኪናው ነው። ደግሞም ቮልስ ከ21 ሚሊዮን በላይ የተመረተች መኪና ናት፤ የመጨረሻዋ ከሜክሲኮው ፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። በዓለም ዙሪያ ብዙ ስላለች የፖምፓዋ ዕቃ ዛሬም ይመረታል።
ይጠንቀቁ፦ መቸኮል የሚጠቅመው ሻጩን ነው። ቢያንስ ሌላ ሁለት ሱቅ ይጠይቁ።

• ዋጋው ምን ምን ይጨምራል? «ይህ ዋጋ ከነቫት ነው? ዘንግ አለው? ጓርኒሲዮን ስንት ነው? ማረፊያውስ?» እነዚህን ከመስማማትዎ በፊት ይጠይቁ።
ይጠንቀቁ፦ ያለ ደረሰኝ የሚሰጥ ቅናሽ ዕቃው ሲበላሽ የሚይዙትን ማስረጃ ያሳጣዎታል። 15 በመቶ ቫት ለማትረፍ ሙሉውን ሊያጡ ይችላሉ።

• ባይሆን ይመልሱልኛል? በቃል ሳይሆን ደረሰኙ ጀርባ ላይ ያስጽፉ፤ ስንት ቀን፣ በምን ሁኔታ፣ ገንዘብ ነው ወይስ ቅያሬ።
ይጠንቀቁ፦ «ካልተገጠመ ብቻ» የሚል መልስ ዋጋ የለውም። ፖምፓ ሳይገጠም መልካምነቱ አይታወቅም። ቢያንስ የተጣመመ ወይም የማይስብ ከሆነ እንደሚቀየር ይስማሙ።

አምስተኛ፦ ከውጭ አገር ሲያስልኩ

• ለሚልክልዎ ዘመድ የጻፉት ዝርዝር ሙሉ ነው? አሜሪካ ወይም ጀርመን ያለ ወንድምዎ «የቮልስ ፖምፓ» ብሎ ቢፈልግ ብዙ ዓይነት ይመጣበታል። የሞተር ቁጥሩን ፊደል፣ ዲናሞ ወይም አልተርኔተር መሆኑን፣ የዘንጉን ርዝመት፣ የአሮጌውን ፎቶ ከአራቱም በኩል ይላኩለት።
ይጠንቀቁ፦ ከዚያ አገር የተገዛ ዕቃ ልኩ ካልሆነ መመለሻው ከዋጋው ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ዘንግ፣ ማረፊያ፣ ጓርኒሲዮን እና ዲያፍራም በአንድ ትዕዛዝ ያስገዙ።

• በሰው ሻንጣ ሊመጣ ነው? አዲስ ዕቃ ብዙ ችግር የለውም። ያገለገለ ፖምፓ ግን ውስጡ የቤንዚን ቅሪት ወይም ትነት ካለው በአውሮፕላን አይፈቀድም፤ ፍተሻ ላይ ይወሰዳል።
ይጠንቀቁ፦ ዘመድዎን ያለ ጥፋቱ ችግር ውስጥ አይክተቱት። የጥገና ዕቃ ቀላልና ንጹሕ ስለሆነ ለሻንጣ የሚሻለው እሱ ነው። በፖስታ የሚመጣ ከሆነ የጉምሩክ ክፍያውንም አስቀድመው ሂሳብ ውስጥ ያስገቡ።

ስድስተኛ፦ «ኤሌክትሪክ እናድርገው» ሲሉዎት

• ግፊቱ ለካርቡሬተር ነው? እንደ ቪትዝ ያሉ የኢንጀክሽን መኪናዎች ፖምፓ 3 ባር አካባቢ ይገፋል፤ ለቮልስ ከሚያስፈልገው ከአሥር እጥፍ በላይ ነው።
ይጠንቀቁ፦ «ግፊቱን በቱቦ እንቀንሰዋለን» የሚል መፍትሔ አይቀበሉ። ለካርቡሬተር የተሠራ ዝቅተኛ ግፊት ያለው ካልተገኘ ሐሳቡን ይተዉት።

• ቮልቱ ይስማማል? እ.ኤ.አ. እስከ 1966 ገደማ የተሠሩት አብዛኞቹ ቮልሶች በ6 ቮልት የሚሠሩ ናቸው።
ይጠንቀቁ፦ ባለ 12 ቮልት ፖምፓ በ6 ቮልት ላይ ደካማ ይሆናል። ሻጩ ስለ ባትሪዎ ላይጠይቅ ይችላል።

• መኪናዋ ስትጠፋ እሱም ይጠፋል? የድሮው ፖምፓ ሞተሩ ሲቆም ይቆማል፤ ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ኤሌክትሪኩ ግን ቁልፉ እስካልጠፋ ድረስ በግጭት ጊዜም ቤንዚን መግፋቱን ይቀጥላል።
ይጠንቀቁ፦ ሞተሩ ሲቆም የሚያጠፋው ሪሌ ካልተገጠመለት ፈቃድ አይስጡ። የሪሌው፣ የሽቦው፣ የፊዩዙ እና የአሮጌውን ቦታ መድፈኛ ዋጋ በሂሳቡ ውስጥ መኖሩን ይጠይቁ።

ሰባተኛ፦ ሲገጠም አጠገቡ ይቁሙ

• ዘንጉ ከማረፊያው ጋር ነው የሚገባው? መጀመሪያ ማረፊያው ከነጓርኒሲዮኑ ይቀመጣል፣ ከዚያ ዘንጉ ሾጣጣ ጫፉ ወደ ታች ሆኖ ይገባል።
ይጠንቀቁ፦ ማረፊያው ሳይኖር የተለቀቀ ዘንግ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። የግማሽ ሰዓት ሥራ ወደ ሞተር ማውረድ የሚለወጠው እንዲህ ነው።

• የዘንጉ ከፍታ ተለክቷል? ፖምፓው ከመቀመጡ በፊት ሞተሩ በእጅ ይዙር። ዘንጉ ከፍ ባለበት ቦታ ላይ ከጓርኒሲዮኑ በላይ የሚወጣው 13 ሚሊ ሜትር አካባቢ፣ ዝቅ ባለበት ደግሞ 8 ሚሊ ሜትር አካባቢ ሊሆን ይገባል። ከበዛ ከማረፊያው ስር ጓርኒሲዮን ይጨመራል፣ ካነሰ ይቀነሳል።
ይጠንቀቁ፦ ጓርኒሲዮን እዚህ ላይ ልክ ማስተካከያም ነው። በሲሊኮን ብቻ የሚለጥፍ ሰው ልኩን አጥፍቶታል። «ለክተኸዋል?» ብለው ሲጠይቁት ቁጥር ይንገርዎ።

• ግራሶ ገብቷል? የፖምፓው የታችኛው ክፍል ከመገጠሙ በፊት ግራሶ ይሞላል፤ እጀታው እንዳይበላ የሚያደርገው እሱ ነው።
ይጠንቀቁ፦ አዲሱ ዕቃ ከፋብሪካ ደረቅ ሊመጣ ይችላል።

• ዳዶው በልኩ ነው የጠበቀው? ሁለቱ ዳዶዎች እኩል እኩል ይጠብቁ፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ አንድ ጊዜ ይፈተሹ።
ይጠንቀቁ፦ በረጅም ቁልፍ በኃይል የሚያጠብቅ ሰው ፕላስቲኩን ይሰነጥቃል፣ የዘንጉንም ከፍታ ይለውጣል።

• ቱቦው የቤንዚን ነው? የቮልስ ቱቦ የውስጥ ስፋቱ 5.5 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ለቤንዚን የተሠራ ጎማ ይሁን፣ በየጫፉም ፋሼታ ይኑረው።
ይጠንቀቁ፦ ብርሃን የሚያሳልፍ የውኃ ፕላስቲክ ሲገጠም ያምራል፤ ሙቀት ሲያገኘው ግን ይደርቅና ይሰነጠቃል። በሽቦ የታሰረ ቱቦም አይቀበሉ።

• ፊልትሮው የት ተቀመጠ? ብዙዎች የፕላስቲክ ፊልትሮ ከፖምፓው በኋላ፣ ትኩስ ሞተር አናት ላይ፣ ከዲስትሪቢዩተሩ አጠገብ ይሰቅላሉ።
ይጠንቀቁ፦ እዚያ ቢፈስ እሳት አጠገብ ነው። ከፊት ከታንኩ ስር ወይም ከኋላ ከካምቢዮው አጠገብ፣ ከሞተሩ ክፍል ውጭ ያስደርጉት።

ስምንተኛ፦ ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት

• ሁለቱን የተደበቁ ቦታዎች አይተዋል? አንደኛው የቤንዚኑ ቱቦ ወደ ሞተር ክፍሉ የሚገባበት የላሜራ ቀዳዳ ነው፤ ጎማ ከሌለው ላሜራው ቱቦውን ይቆርጣል። ሁለተኛው ካርቡሬተሩ ላይ በግፊት የገባችው ትንሽ የነሐስ መግቢያ ናት፤ ከላላች ከነቱቦዋ ትወጣለች።
ይጠንቀቁ፦ የቮልስ ቃጠሎ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከእነዚህ ቦታዎች ነው። የነሐሷን መግቢያ በጣትዎ ያወዛውዟት፤ ከተንቀሳቀሰች መኪናዋን አይንዱ።

• ሞተሩ እየሠራ አይተውታል? ሞቆ፣ ለሩብ ሰዓት ያህል ይሥራ። በደረቅ ነጭ ጨርቅ እያንዳንዱን መገናኛ ይጥረጉ።
ይጠንቀቁ፦ «መጀመሪያ ትንሽ ያልባል፣ ይተዋል» የሚል ቃል ለቤንዚን አይሠራም።

• ዘይቱ ተቀይሯል? ዲያፍራሙ ተቀዶ ከነበረ ዘይቱና ጓርኒሲዮኖቹ ይቀየሩ፣ የታችኛው ወንፊትም ይታጠብ። ከጥቂት ቀን በኋላ የዘይት መለኪያውን ዳግመኛ ያሽቱ።
ይጠንቀቁ፦ የሽታው መመለስ አዲሱ ዲያፍራም መቀደዱን የሚነግር የመጀመሪያ ምልክት ነው፤ የመመለሻው ጊዜ ሳያልፍ ይሂዱ።

ዘጠነኛ፦ እውነተኛውን ዋጋ ይደምሩ

ሱቅ ላይ የሚነገረው ዋጋ የፖምፓው ብቻ ነው። ወረቀት ያውጡና ከሥሩ ይደምሩ፦ ዘንግ፣ ማረፊያ፣ ጓርኒሲዮኖች፣ ቱቦና ፋሼታ፣ ፊልትሮ፣ የታንክ እጥበት፣ 2.5 ሊትር ዘይት፣ የመካኒክ እጅ፣ ለመካኒኩ ተላላኪ የሚከፈል፣ ዕቃው ባይሆን ሁለተኛ ጊዜ የሚከፈል የእጅ ዋጋ። ድምሩን ሲያዩት በርካሽ የተነገረዎት ፖምፓ ከጥሩው ያለው ልዩነት ትንሽ ሆኖ ሊያገኙት ይችላሉ። መካኒኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ የሚያመጣ ከሆነ ደረሰኙ በእርስዎ ስም ይሁን፤ የእጅ ዋጋውን ለብቻ፣ የዕቃውን ለብቻ ይስማሙ። በአንድ ላይ የተነገረ ዋጋ ውስጥ የደላላ ድርሻ ቢኖር አይታይዎትም።

ውሳኔው

በጄሪካኑ ሙከራ ፖምፓው በደንብ ከሳበ አይግዙ፤ ቱቦውን እና ታንኩን ያሠሩ። ፖምፓው ጥፋተኛ ሆኖ የሚፈታ ከሆነ፣ አካሉም ደህና ከሆነ፣ ሙሉ የጥገና ዕቃ ይግዙና ያሳድሱት። የማይፈታ ከሆነ ወይም እጀታው ከተበላ በዘንግ ልክ ተመርጦ፣ በደረሰኝ፣ ከነማረፊያው አዲስ ይግዙ። ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን ገንዘብ እስኪሞላልዎ ድረስ መኪናዋን ያቁሟት፤ ለአንድ መንገድም ቢሆን አይንዷት። አሮጌውን ፖምፓ፣ አሮጌውን ዘንግ እና ደረሰኙን አንድ ላይ አስረው ቤትዎ ያስቀምጡ። ቀጣዩ ሻጭ «ይገጥማል» ሲልዎ የሚለኩበት ይኖርዎታል።